ከዓለም ገና ሆነው ኦፓልና ያገለገለ ጊታር በኦንላይን ጨረታ ሲገዙ

በቴሌግራም ጨረታ ከሚወጡ ዕቃዎች መካከል ፎቷቸው አምሮ እጅ ሲገቡ የሚያሳዝኑ ሁለት አሉ፦ የወሎ ኦፓልና ያገለገለ ጊታር። ያገለገለ ስልክ ቢሆን አብርተው፣ ደውለው፣ ቻርጀር ሰክተው በአምስት ደቂቃ ይፈትሹታል። ኦፓል ግን ረጥቦ ፎቶ ከተነሳ ስንጥቁ አይታይም። ጊታርም አንገቱ ጎብጦ ሳለ ፊቱ ተወልውሎ ሊያብለጨልጭ ይችላል። ዓለም ገና፣ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ለሚኖር ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ዕቃው ያለው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ መሃል ወይም ደሴ ነው፣ ሻጩም “ብሩን አስገባ፣ በመኪና እልክልሃለሁ” ባይ ነው። ስለዚህ ገንዘብዎ የሚድነው ጨረታው ከመከፈቱ በፊት በሚጠይቁት ፎቶና በሚቆርጡት ዋጋ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የጣት ሥራ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የጨረታ ቤቱን ይወቁ

እዚህ የማወራው ስለ ጉምሩክ ወይም ስለ ባንክ ሐራጅ አይደለም። እነዚያ ሲፒኦ፣ የጨረታ ሰነድና ማኅተም ያላቸው ናቸው። የቴሌግራሙ ጨረታ ቀለል ያለ ነው፦ አድሚኑ ፎቶ ይለጥፋል፣ መነሻ ዋጋና ዝቅተኛ ጭማሪ ይጽፋል፣ የመዝጊያ ሰዓት ያስታውቃል፣ ሰው ከሥሩ ኮመንት ላይ ዋጋ ይጠራል። የሚያስገድድ ነገር ስለሌለ ሁሉም በአድሚኑ ጠባይ ላይ ይወድቃል።

ግሩፑን እንደተቀላቀሉ አይጫረቱ። ወደ ኋላ ሸርተት ብለው የተዘጉ ጨረታዎችን ያንብቡ። ያሸነፈው ሰው ዕቃውን ከተረከበ በኋላ አንድ ነገር ጽፎ ያውቃል? ወይስ አሸናፊ ሁሉ ድምፁ ይጠፋል? አንድ አካውንት በየጨረታው ዋጋ እየሰቀለ፣ ግን አንድም ቀን ሳያሸንፍ ካዩ አጫፋሪ ነው። የአጫፋሪ ሌላው ምልክት ጨረታው በተዘጋ ማግስት የሚመጣው መልእክት ነው፦ “ያሸነፈው ልጅ ስልክ አላነሳም፣ ሁለተኛ አንተ ስለሆንክ በጠራኸው ዋጋ ውሰደው።” እውነት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም የጠሩት ዋጋ አጫፋሪ የገፋዎት ሊሆን ስለሚችል እዚያ ላይ አይቁሙ፤ ያ “አሸናፊ” ከመግባቱ በፊት በጠሩት የመጨረሻ ዋጋ እንደሚወስዱ ይንገሩት። እውነተኛ ሻጭ ይደራደራል፣ ሌላው ይቆጣል።

ዋጋውን በወረቀት ይጻፉ

ለጊታር መነሻዎ የዚያው ሞዴል አዲሱ በሱቅ የሚሸጥበት ዋጋ ነው። ሁለት የሙዚቃ መሣሪያ ሱቆች ደውለው ይጠይቁ። በእኔ ግምት ጤነኛ ያገለገለ ቦክስ ጊታር ከአዲሱ ከስድሳ በመቶ በላይ ሊከፈልበት አይገባም። ከዚያ ላይ የአዲስ ክር፣ የባለሙያ ማስተካከያና የትራንስፖርት ወጪ ይቀንሱ። ለምሳሌ አዲሱ 20,000 ብር ከሆነ ጣሪያዎ 12,000 ነው፤ ለክር፣ ለማስተካከያና ለትራንስፖርት 2,000 ከወጣ 10,000 ላይ ይቆማሉ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ጽፈው ስልኩ አጠገብ ያስቀምጡት። ጨረታ ሲሞቅ ጭንቅላት አይታመንም።

ኦፓል እንዲህ ያለ የሱቅ ዋጋ የለውም። ጥሬው በግራም፣ የተሞረደው በካራት ይሸጣል፤ አንድ ግራም አምስት ካራት ነው። ሻጩ አንዱን በሌላው እየቀያየረ ሲያወራ ሁልጊዜ ወደ ካራት መልሰው ያስሉ። ከዚያ ቢያንስ ከሌሎች ሦስት ሻጮች ተመሳሳይ መጠንና ቀለም ያለው ድንጋይ ዋጋ ይጠይቁ። ካላገኙ አይጫረቱ።

ድንጋዩን በፎቶ መፈተሽ

ከአገራችን ኦፓሎች መጀመሪያ ስም ያወጣው በ1980ዎቹ ከሰሜን ሸዋ ከመዘዞ አካባቢ የወጣው ቡናማው ነበር፤ ቶሎ ይሰነጠቃል ተብሎ ስሙ ጎደፈ። ገበያውን የቀየረው በ2000 ዓ.ም. በደላንታ፣ ወገል ጤና ገደሎች ላይ የተገኘው ነው። ዛሬ በዓለም ገበያ የወሎ ኦፓል የሚባለው ይኸው ሲሆን፣ ጥሬው ብዙ ጊዜ ወደ ሕንድ ሄዶ ጃይፑር ውስጥ ተሞርዶ በዓለም ላይ ይበተናል። ዋሽንግተን ያለች የአክስትዎ ልጅ በኢቤይ የደላንታን ድንጋይ ከሕንዳዊ ነጋዴ ልትገዛ ትችላለች ማለት ነው።

የወሎ ኦፓል አንድ ጠባይ አለው፤ ውሃ ይጠጣል። ደርቆ ምላስ ላይ ሲያስነኩት ይጣበቃል፣ ምክንያቱም ምራቁን ይስባል። ረዘም ላለ ጊዜ ውሃ ውስጥ ከቆየ እንደ ጠርሙስ ይጠራና ቀለሙ ይጠፋል፤ ሲደርቅ ይመለሳል፣ አንዳንዱ በሰዓታት፣ አንዳንዱ በቀናት። ሻጮች ግን ይህን በሌላ መንገድ ይጠቀሙበታል። ጥሬ ድንጋይ ለጥቂት ጊዜ ውሃ ሲነካው ሻካራው ቆዳው ስለማይታይ ቀለሙ ይፈካል፣ ቀጫጭን ስንጥቆቹም በውሃ ስለሚሞሉ ይደበቃሉ። ከዚህም በላይ የጠጣው ውሃ ይመዝናል። ደርቆ 10 ካራት የነበረ ድንጋይ ጠጥቶ 11 ሊሆን ይችላል፣ እርስዎም በካራት ስለሚከፍሉ ለውሃው ይከፍላሉ።

ስለዚህ ለሻጩ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ “ሰላም ወንድሜ፣ እንዴት ነህ? ድንጋዩ ደረቅ ቦታ ሦስት ቀን ካደረ በኋላ በሚዛን ላይ አስቀምጠህ ቁጥሩ እየታየ ፎቶ አንሳልኝ። ከጎኑ አንድ ብር ሳንቲምና ስሜንና ፎቶው የተነሳበትን ቀን የጻፍክበት ወረቀት አስቀምጥ። ደግሞ ፀሐይ ላይ በእጅህ እያዞርክ አጭር ቪዲዮ ላክልኝ።” ስምና ቀን ያለበት ወረቀት ቀልድ አይደለም። ከሌላ ቻናል የተሰረቀ ፎቶ የሚያወጣ ሰው ይህን መላክ አይችልም።

ቪዲዮው ሲመጣ የሚያዩት ቀለሙ ከስንት አቅጣጫ እንደሚታይ ነው። ጥሩ ኦፓል ሲዞር ቀለሙ ይንቀሳቀሳል እንጂ አይጠፋም። ከአንድ ወገን ብቻ አብርቶ ሲዞር ባዶ የሚሆን ከሆነ ዋጋው በብዙ ይወርዳል። ቀይ ያለበት ከሁሉ ይወደዳል፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብቻ ያለው ርካሽ ነው። ቀጥሎ ከጀርባው የስልክ ፍላሽ በርቶ አንድ ፎቶ ይጠይቁ፤ ስንጥቅ ካለ እንደ ፀጉር መስመር ሆኖ ይወጣል። ከጎን በኩል ሲታይ ደግሞ ድንጋዩን እንደ ወለል ለሁለት የሚከፍል ቀጥ ያለ መስመር ካለ፣ ስስ ኦፓል በሌላ ነገር ላይ ተለጥፏል።

“ጥቁር ኦፓል” በርካሽ ካዩ ይጠንቀቁ። ከወሎ በተፈጥሮው ጥቁር የሆነ ኦፓልም ወጥቷል፣ ግን በብዛት የሚሸጠው ነጩን በጭስ አጥቁሮ ነው። ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ጭስም ይጠጣልና። ያልተወለወለውን ሥሩን በቅርብ ያሳዩዎት፤ ጥቁሩ በጉድጓዶችና በስንጥቆች ውስጥ ጠቆር ብሎ ከታየ የተጨሰ ነው። የተጨሰ ድንጋይ መግዛት ወንጀል አይደለም፤ በተጨሰ ዋጋ ይግዙት እንጂ በጥቁር ኦፓል ዋጋ አይግዙት።

ኤመራልድ? ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ በጉጂ ሻኪሶ ጥሩ ኤመራልድ ስለተገኘ ቴሌግራም ላይ በየቀኑ “የሻኪሶ” የሚል ይወጣል። ምክሬ አጭር ነው፦ በጨረታ አይግዙት። የቢራ ጠርሙስ ስባሪና ኤመራልድን በስልክ ፎቶ መለየት የሚችል ሰው የለም። በአሥር እጥፍ ማጉያ መነጽር ሲታይ ክብ የአየር አረፋ ካለው መስታወት ነው፣ ያንን ግን በእጅ ይዘው ብቻ ነው የሚያዩት።

ለቀለበት አንድ የተሞረደ ድንጋይ መግዛትና ጥሬ በኪሎ ሰብስቦ መልሶ መሸጥ በሕግ አንድ እንዳልሆኑም ይወቁ። ሁለተኛው የማዕድን ንግድ ፈቃድ ይጠይቃል። ወደ ውጭ ይዘው ለመውጣት ካሰቡ ከማዕድን ሚኒስቴር አስቀድመው ይጠይቁ፣ ከተፈቀደለት ነጋዴም በደረሰኝ ይግዙ።

ጊታሩን በፎቶ መፈተሽ

በጊታር በኩል የመጀመሪያው ጥያቄ “የናይለን ነው የብረት?” የሚለው ነው። የኛ አገር ያገለገሉ ጊታሮች ትልቁ በሽታ እዚህ ነው። ያማሃ ሲ 40ን የመሰለ የክላሲካል ጊታር ለናይለን ክር ነው የተሠራው። የናይለን ክሮች አንድ ላይ የሚስቡት ኃይል 40 ኪሎ ገደማ ነው፤ የብረት ክሮች ግን ከ70 ኪሎ በላይ ይስባሉ። የናይለኑ ክር ሲበጠስ የብረቱን ገዝተው ያስሩበታል፣ በወራት ውስጥ ሆዱ ያብጣል፣ ክሩ የታሰረበት እንጨት ከሥሩ ይነሳል፣ አንገቱ ይጎብጣል። በፎቶ ለመለየት ጭንቅላቱን ይዩ፦ የክላሲካሉ ጭንቅላት ሁለት ረጃጅም ክፍተቶች አሉት፣ ክሮቹም ከታች በኩል ቀዳዳ ውስጥ አልፈው በቋጠሮ ይታሰራሉ። የብረቱ ደግሞ ጭንቅላቱ ብዙ ጊዜ ድፍን ነው፣ ክሩም በትናንሽ ፒኖች ተወጥሮ ይገባል። ቋጠሮ ባለበት ጊታር ላይ የብረት ክር ካዩ ጨረታውን ይተዉት። ጤነኛ መስሎ ቢታይም አይግዙት።

አሁን የሚጠይቁት ፎቶ። አንደኛ፣ ከጭንቅላቱ ጫፍ ሆኖ እንደ ጠመንጃ በአንገቱ ላይ ወደ ሆዱ በማነጣጠር የተነሳ፤ የተጠማዘዘ አንገት በዚህ ብቻ ይታያል። ሁለተኛ፣ ክሮቹ የታሰሩበትን እንጨት ከጀርባው በኩል፣ አንድ ወረቀት ከሥሩ ለማስገባት እየሞከሩ። ወረቀቱ ከገባ እንጨቱ መነሳት ጀምሯል። ሦስተኛ፣ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ማስመሪያ ቆሞ፤ ከፍሬቱ አናት እስከ ወፍራሙ ክር ያለው ርቀት ለብረት ክር ጊታር ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፣ 4 ከደረሰ ጣትዎን ያደማል። አራተኛ፣ በድምፅ ቀዳዳው ውስጥ ያለው ወረቀት በፍላሽ፤ ሞዴሉና የተሠራበት አገር እዚያ ነው። ወረቀቱ ተልጦ ጊታሩ “ኦርጅናል ያማሃ” ከተባለ ቃሉን አይመኑ።

ቪዲዮ ደግሞ ያስፈልጋል። ሻጩ አይዝፈንልዎ፤ ዘፈን ሁሉንም ጉድለት ይሸፍናል። እያንዳንዱን ክር ከመጀመሪያው ፍሬት እስከ አሥራ ሁለተኛው አንድ በአንድ ይምታ። የሚነዝር ወይም የሚሞት ድምፅ ካለ ፍሬቱ አልቋል ወይ አንገቱ ተጣሟል። በመጨረሻ በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳይጫን በጣቱ ነካ አድርጎ ሃርሞኒኩን ያሰማ፣ ከዚያ ተጭኖ ያሰማ። ሁለቱ ድምፆች አንድ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ጊታሩ ከታች ተቃኝቶ ከላይ ይፋረሳል፤ ትዝታም ባቲም ቢጫወቱበት ላይኛው ቦታ ላይ ጆሮ ይጎረብጣል።

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መድረክ ለዓመታት የተጫወቱበት ጊታር ሲወጣ ብዙ ሰው ያልፈዋል። እኔ አላልፈውም። በየሳምንቱ የሚነካና የሚቃኝ ጊታር ቁም ሳጥን ላይ አምስት ዓመት ከተቀመጠው ይሻላል። ፍሬቶቹ በክሮቹ ሥር መቦርቦራቸውን ብቻ ይዩ።

ሊድ ወይም ቤዝ ጊታር ከሆነ አምፕሊፋየር ላይ ሰክቶ የድምፅና የቶን ማዞሪያዎቹን እያዞረ ያሰማዎት፤ የሚንጫጫ ከሆነ ማጽዳት ሊበቃው ይችላል፣ የሚጠፋና የሚመጣ ከሆነ ሽቦው ወይም መሰኪያው ተበላሽቷል። ጭንቅላቱ ላይ “ጊብሰን” ተጽፎ ዋጋው ከርካሽ ቻይና ጊታር ጋር እኩል ከሆነ እዚያው ጭንቅላቱ ላይ፣ አንገቱ መነሻ አጠገብ ያለችው ትንሽ ክዳን ስንት ብሎን እንዳላት ይቁጠሩ። የእውነተኛው ጊብሰን ክዳን በሁለት ብሎን ነው የሚታሰረው፣ ፎርጅዱ አዘውትሮ ሦስት አለው።

ሰዓቱና ጭማሪው

“ጨረታው 12 ሰዓት ይዘጋል” ሲባል በማን ሰዓት እንደሆነ ይጠይቁ። ግሩፑ ውስጥ ዱባይና አሜሪካ ያሉ ልጆች ካሉ ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። ኢቤይ ላይ በካሊፎርኒያ በእነሱ አቆጣጠር ከምሽቱ 6 ሰዓት የሚዘጋ ጨረታ በእነሱ ክረምት ለእኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፤ በበጋቸው ሰዓታቸውን ስለሚያዞሩ ለእኛ ከሌሊቱ 10 ይሆናል።

ቴሌግራም ላይ ቀደም ብለው አይጥሩ። ቀድመው የጠሩት ዋጋ ለሌላው መነሻ ይሆናል። መዝጊያው አሥር ደቂቃ ሲቀረው ይግቡ፤ በእኛ ሰፈር መብራትም ኔትወርክም በመጨረሻው ደቂቃ ሊከዳ ስለሚችል የመጨረሻዋን ሰከንድ አይጠብቁ። ከጣሪያዎ ሳያልፉ፣ ክብ ቁጥር ከመጥራት ይልቅ ትንሽ ይጨምሩበት፤ ክብ ቁጥር የሚጠራ ሰው ብዙ ነው፣ ጥቂት የጨመረበት ያልፈዋል። ኢቤይ ላይ ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው። ጣሪያዎን አንዴ ያስገባሉ፣ ሥርዓቱ ሌላው በጠራ ቁጥር በትንሽ በትንሹ ይጨምርልዎታል፣ ከጣሪያው አያልፍም። ተሸንፈው ሳለ “ትንሽ ብቻ” ብለው ጣሪያውን ከነኩት ግን ወረቀቱ ዋጋ የለውም።

ከውጭ የሚመጣ ከሆነ

ዘመድ ውጭ ካለዎት በኢቤይ መግዛት ከቴሌግራም የሚሻልበት አንድ ምክንያት የገዢ ዋስትናው ነው። ዕቃው እንደተገለጸው ካልሆነ ገንዘብ ይመለሳል። ግን ዋስትናው የሚሠራው ዕቃው መጀመሪያ ለደረሰበት አድራሻ ነው፤ ወደ ሌላ አድራሻ ከተላለፈ ይቀራል። ስለዚህ ዘመድዎ ፓኬጁን እዚያው ከፍቶ፣ ከላይ ያሉትን ፎቶዎች ሁሉ አንስቶ ልኮልዎት፣ እርስዎ እሺ ካሉ በኋላ ነው ለተጓዥ የሚሰጠው። እንዲሁ ታሽጎ ቦሌ ከደረሰ ክርክሩ አብቅቷል።

ጊታር ሲጓዝ ክሮቹ ላላ ይበሉ፣ ጠንካራ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፣ አየር መንገዱም ወደ መንገደኞች ክፍል ያስገባ እንደሆነ ቀድሞ ይጠየቅ። ስለ ቀረጥም ለጉምሩክ ቀድመው ይጠይቁ። የቆየ ጊታር ከብራዚል ሮዝውድ ከተሠራ ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር አይቻልም፤ ዛፉ እንደ ፈረንጆቹ ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፍ የዱር ሀብት ንግድ ስምምነት ከፍተኛው ጥበቃ ሥር ነው። ከሌላ ዓይነት ሮዝውድ የተሠራ ጊታር ግን በዚያው አቆጣጠር ከ2019 ወዲህ ነፃ ሆኗል።

ክፍያና መረከብ

ቀብድ ሲጠየቁ ሕጉን ያስታውሱ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። ጥሩ ሕግ ነው። ሆኖም “ኪንግ ኦፓል” በሚል ስም ከሚጽፍ ሰው እጥፍ የሚያስመልስ ፍርድ ቤት የለም። ስለዚህ ቀብድ የሚሰጡት የመታወቂያው ስምና የቴሌብር ወይም የባንክ አካውንቱ ስም አንድ መሆኑን ካዩ በኋላ ብቻ ይሁን፣ እሱም ሲጠፋ የማያስለቅስ መጠን።

መረከቢያ ቦታውን ለሁለታችሁም አማካይ አድርጉት። ዓለም ገናና ሰበታ ላለ ሰው አየር ጤና፣ ቡራዩ ላለ አስኮ፣ ሱሉልታ ላለ አዲሱ ገበያ ይመቻል። ከሁሉ የሚሻለው ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ መገናኘት ነው፤ ወንበር አለ፣ ጥበቃ አለ፣ ጊታሩን ከቦርሳው አውጥተው ሲፈትሹ ቢያዩዎት ምን ይላሉ? ይዩ። ጊታሩን ሲይዙ ጣትዎን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ያንሸራትቱ። በበጋ በእኛ ደጋ አየሩ ስለሚደርቅ እንጨቱ ይኮማተራል፣ የፍሬቶቹ ጫፍ ወጣ ብሎ ይወጋል። ያ በሞረድ ይስተካከላል፣ ግን ዋጋ የሚያስቀንስ ነው።

ዕቃው ከደሴ የሚመጣ ከሆነ ለሹፌር ከሚሰጥ ይልቅ በፖስታ ኢኤምኤስ ይምጣ፣ መከታተያ ቁጥር አለው። አድራሻ ሲሰጡ “ሸገር ከተማ” ብቻ አይበሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም በዚሁ ስም ሥር ስለገቡ ዕቃው ከዓለም ገና ይልቅ ሱሉልታ ሊገኝ ይችላል። ሰፈሩን፣ ታዋቂ ምልክቱንና ስልክዎን ይጻፉ።

ከመክፈልዎ በፊት የተጻጻፉትን ሁሉ ስክሪንሹት ያንሱ። ቴሌግራም ላይ ላኪው መልእክቱን ከእርስዎም ስልክ ጭምር ማጥፋት ይችላል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክትን ሕጋዊ ዋጋ ይሰጠዋል፤ የጠፋ መልእክት ግን ምንም አይረዳም። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ገዢ ዕቃውን እንደተረከበ መርምሮ ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ እንዳለበት ይላል።

ስለዚህ ኦፓሉን ይዘው ቤት እንደገቡ ወደ ውሃ፣ ቅባት ወይም ሳሙና አያስጠጉት። ደረቅ ጨርቅ ላይ ክፍት ያኑሩትና በማግስቱ፣ ከዚያም በሦስተኛው ቀን በወርቅ ቤት ሚዛን ያስመዝኑ። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ብዙ ወርቅ ቤቶች ቦታ ስለቀየሩ ሰፈርዎ አቅራቢያ ያለውን ይፈልጉ። ሚዛኑ ሻጩ በላከው ፎቶ ላይ ካለው ካነሰ ቁጥሩን ፎቶ አንስተው በዚያው ቀን ይላኩለት፣ የጎደለውን ካራት ዋጋም እንዲመልስ ይጠይቁ።